ሆድሽ አነሰ የሚሉሽን ተያቸው

እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ከራሴ ሥራ ስለሚያብሰለስለኝ ነገር ነው የማወራው። አራት ኪሎ አካባቢ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ታክሲ ሰልፍ ላይ አንዷን ነፍሰ ጡር፣ ጭራሽ የማታውቃት ሴትዮ፣ «ስንት ወርሽ ነው? ውይ፣ ሆድሽ አንሷል!» ትላታለች፤ ልጅቷ እንቅልፍ ሳይወስዳት አድራ ጠዋት እኔ ጋ ትመጣለች። በጣም ያናድደኛል።

እኛ የምንለካው ከማህፀኑ የላይኛው ጫፍ እስከ ብልት አጥንት ነው። ከ24 ሳምንት ወዲህ ሴንቲሜትሩና ሳምንቱ ይቀራረባሉ፤ በ28 ሳምንት 28 አካባቢ፣ ሁለት ቢበልጥ ወይ ቢያንስ ችግር የለውም። «ሽንትሽን ሸንተሽ ነይ» የምንለው የሞላ ፊኛ ማህፀኑን ወደ ላይ ስለሚገፋው ነው። ሜትሩንም ቁጥሩ ወደ ሆዷ ዞሮ ነው የምዘረጋው፣ ዓይኔ የጠበቀው ሳምንት እጄን እንዳይስበው። ከያዝኩት በኋላ ገልብጬ አነባለሁ።

ግን ሆዱ የማን ነው? ወፈር ያለች እናት ላይ ስቡም አብሮ ይለካል፣ ጫፉን በእጅ ማግኘትም ያስቸግራል፤ ክብደቷ በጣም ከፍ ያለ ከሆነ በአልትራሳውንድ መከታተል ይሻላል። የመጀመሪያዋ ከሆነ የሆዷ ጡንቻ ጠበቅ ስለሚል ሆዷ ያነሰ ይመስላል፣ ደጋግማ የወለደች ላይ ደግሞ ላላ ብሎ ይገፋል። ቁመትም አለ፣ ማዮማም (የማህፀን እጢ)፣ መንታም፣ የሽርት ውሃ መብዛትም፣ ልጁ አግድም መተኛቱም። የሳምንቱ ስሌት ራሱስ? የመጨረሻ የወር አበባሽ መቼ ነበር ስላት «ለጥምቀት ሰሞን መሰለኝ» ካለችኝ ከምኑ ጋር ነው የማመሳክረው? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 መመሪያው ከ24 ሳምንት በፊት አንድ አልትራሳውንድ የመከረው አንዱ ለዚህ ነው።

እኔን የሚያስጨንቀኝ የዛሬው ቁጥር ብቻውን አይደለም። አጭርና ቀጭን ሆና በየቀጠሮው ቁጥሯ ዝቅ ብሎም እኩል እየጨመረ የሚሄድላት አለች፣ ረጅሟ ደግሞ ቁጥሯ ደህና መስሎ ካለፈው ቀጠሮ ፈቀቅ ሳይል ሊቀር ይችላል። ሁለተኛዋን ቶሎ አልትራሳውንድ እልካለሁ። «ተፈጥሮዋ ነው» ብሎ ማለፍ የሚቻለው ከታየ በኋላ ነው እንጂ ሳይታይ አይደለም።

ስለዚህ ካርድሽን ይዘሽ ነይ፣ የባለፈውን ከዛሬው ጋር አስተያዪ፣ ከተቻለም የለካችሽ ትለካሽ። የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰብሽ ግን ሜትርም ቀጠሮም አትጠብቂ፣ በዚያው ቀን ሂጂ።