ወፍራም ሶል፣ ፈጠን ያለ ሩጫ፣ የማግስት እግር

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ፣ እና ብቻዬን ስሆን ምን እንደማወራ ታውቃላችሁ፣ ጫማ ነው።

ሰሞኑን አንድ ጫማ እየሞከርኩ ነበር፣ ሶሉ ወፈር ያለ፣ ለስላሳ፣ ግን ለዝግታ ሩጫ ብቻ ተብሎ ያልተሠራ፣ ፈጠን ላለ ልምምድ ሚሉት ዓይነት። ያው ለቴምፖ (ከበድ ባለ ግን በሚያዝ ፍጥነት ሳያቋርጡ መሮጥ)፣ ለረጃጅም ኢንተርቫል (ፈጠን ብሎ ሮጦ፣ አረፍ ብሎ፣ መድገም)፣ መጨረሻው ላይ ፍጥነት ለሚጨመርበት ረጅም ሩጫ ማለት ነው። የውድድር ጫማ አይደለም፣ ካርቦን ፕሌት፣ ያው ሶል ውስጥ የሚገባው ጠንካራ ዝርግ ነገር፣ የለውም፣ በየቀኑ እያደረግን ምንጨርሰው ጫማም አይደለም፣ መሀል ላይ ነው። ብራንዱን አልጠራም። ብጠራው ግማሻችሁ "ተከፍሎት ነው" ትላላችሁ፣ ግማሻችሁ ደሞ "እኔ'ኮ የነሱ ጫማ ይጠበኛል" ብላችሁ ትዘጉታላችሁ፣ እና እኔ ማውራት የፈለግኩት ስለ አንዱ ጫማ ሳይሆን ስለዚህ ዓይነት ጫማ ነው፣ በተለይ ሁላችንም ስለፍጥነት እያወራን ስለምናልፈው ስለማግስቱ እግር።

መጀመሪያ ግን የሚያናድደኝን ነገር ልናገርና ይውጣልኝ። ሰው ጫማ ሲመርጥ ቆሞ ነው የሚመርጠው። ያደርገዋል፣ ሁለቴ ዘለል ዘለል ይላል፣ በአውራ ጣቱ ሶሉን ጫን ጫን ያደርጋል፣ "ኡፍ ሲመች" ይላል፣ አለቀ። ቆመን የሚሰማን ልስላሴ ስንሮጥ ከሚሰማን ጋር በደንብ አይገናኝም እኮ። ስንቆም ክብደታችንን ነው ምንጭነው፣ ያውም ለሁለት እግር ተካፍሎ። ስንሮጥ ግን አንዱ እግር ብቻውን የክብደታችንን ሁለት እጥፍ ሦስት እጥፍ ይሸከማል፣ ፈጠን ስንል ደሞ ይሄ ሁሉ የሚያልቀው ከሩብ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። ስለዚህ ቆማችሁ ፍራሽ የመሰላችሁ ጫማ ሲሮጥበት እስከታች ተጨምቆ ድርቅ ሊል ይችላል፣ ቆማችሁ ደረቅ ያላችሁት ደሞ ፍጥነት ሲያገኝ ይነቃል። እኔ የሞከርኩት ሁለተኛው ዓይነት ነው። በዝግታ ስሄድበት ምንም አልመሰለኝም፣ እንደውም ትንሽ ከበድ ያለ ነገር፣ ቴምፖ ፔስ (ፍጥነት) ላይ ስገባ ግን ሌላ ጫማ ሆነ።

ፎሙ ላይ፣ ማለትም ሶሉ የተሠራበት ስፖንጅ መሳይ ነገር ላይ፣ ትንሽ ልቆይ፣ ጨዋታው እዛ ነው ያለው። ለብዙ ዓመት የሩጫ ጫማ ሶል በአብዛኛው ኢቪኤ የሚባል ፎም ነበር፣ ቀላል ነው ግን የረገጣችሁበትን ጉልበት ከፊሉን ይበላዋል። አሁን ፈጣን ጫማዎች ውስጥ የገባው ፔባ የሚሉት ፎም ነው፣ በቀላሉ ይጨመቃል ቶሎ ደሞ ይመለሳል። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ያሳተሙት የታወቀ ጥናት አለ፣ 18 ጎበዝ ሯጮች ላይ የተሠራ፣ የናይኪን ናሙና ጫማ ከሌሎች ሁለት የውድድር ጫማዎች ጋር ያወዳደሩበት። ናሙናው ሲጨመቅ ከወሰደው ጉልበት 87 ከመቶውን መለሰ፣ ሌሎቹ 76 እና 66 ከመቶ አካባቢ። ሯጮቹም በአማካይ 4 ከመቶ ያነሰ ጉልበት አወጡ። ናሙናው ካርቦን ፕሌት ስለነበረው፣ ያ ጥናት ሲወጣ ሁሉም ሰው "ካርቦኑ ነው" አለ፣ በቃ ካርቦን ካርቦን ሆነ ወሬው። በኋላ ግን ተመራማሪዎች ምን አደረጉ መሰላችሁ፣ የጫማውን ፕሌት ከፊት በኩል ቆራረጡት፣ ጥንካሬው እንዲጠፋ፣ ከዛ ሯጮቹን በተቆረጠውና ባልተቆረጠው አስሮጡ። ልዩነቱ ከአንድ ከመቶም በታች ሆነ፣ ከምንም አይቆጠርም። እኔ ይሄን ነገር በጣም ነው ምወደው፣ ምክንያቱም ፕሌት ለሌለው የልምምድ ጫማ ትልቅ ዜና ነው። ጥሩ ፎም ካለው ያን ያህል የሚቀርበት ነገር የለም ማለት ነው፣ እግራችሁ ደሞ እንደልቡ ይታጠፋል።

እሺ ወደኔ ሙከራ ስመጣ፣ እኔ ላብራቶሪ የለኝም፣ ሰዓትና እግር ነው ያለኝ። ያደረግኩት ቀላል ነው፣ አንድ ሜዳ የሆነ መንገድ፣ አንድ ዓይነት ቴምፖ፣ አንዴ በድሮው ቀጭን ጫማዬ አንዴ በአዲሱ፣ እያፈራረቅኩ። ፔሱን አይደለም እኩል ያደረግኩት፣ የልብ ምቱን ነው። ፔስ ካልክ አዲስ ጫማ አርገህ ሳታውቀው ትገፋለህ፣ አዲስ ጫማ ያደረገ ሰው ሁሌም ፈጣን ነው፣ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ የሚሰጥ አስተያየት ስለ ጫማው ሳይሆን ስለ ደስታው ነው። ለዛ ነው ዩትዩብ ላይ ጫማው ገና ነጭ ሆኖ "ሪቪው" የሚሉትን የማላምናቸው።

የወጣው ውጤት፣ ያን ያህል አይደለም። በእኩል የልብ ምት በኪሎሜትር ሁለት ሦስት ሰከንድ ምናምን ፈጠን ያልኩ ይመስላል፣ ግን ነፋስ ወይም የእንቅልፍ ማነስ ብቻውን ከዛ በላይ ይለውጣል፣ ስለዚህ እሱን ይዤ ፈጣን ነው አልላችሁም። ልዩነቱን ያየሁት በማግስቱ ነው። በቀጭኑ ጫማ ቴምፖ ሠርቼ ባደርኩ ቁጥር ጠዋት ደረጃ ስወርድ ባቴ የተሳሰረ ነው፣ መጀመሪያ ጥቂት እርምጃ በጎን በጎን ነው ምወርደው፣ እጄ የደረጃው መደገፊያ ላይ ሆኖ። በወፍራሙ ጫማ ሲሆን ዝም ብዬ እወርዳለሁ። እስከ መጨረሻው ወርጄ ነው "እንዴ፣ ትላንት ቴምፖ ሠርቼ አልነበር?" የምለው። እና ስታስቡት ልምምድ ማለት እኮ አንድ ቀን በጣም መሮጥ አይደለም፣ ሐሙስ ስትሮጥ የማክሰኞው እንዳይዝህ ነው። እዛ ላይ ለኔ ከሁለት ሦስት ሰከንድ ይበልጥብኛል።

አሁን የሚገርመውን ነገር ልንገራችሁ። ወፍራም ሶል ስለሆነ እግር ላይ የሚመጣው ምት ይቀንሳል ብለን ነው ሁላችንም ምናስበው አይደል? በፈረንጆቹ 2018 የወጣ የፊንላንድ ተመራማሪዎች ጥናት አለ፣ በጣም ወፍራም ጫማን ከመደበኛ ጫማ ጋር ለክተው፣ በሰዓት 14.5 ኪሎሜትር ሲሮጡ፣ ማለትም በኪሎሜትር 4 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ግድም፣ ወፍራሙ ጫማ ላይ መሬት ሲነካ የሚመጣው ምት ጨምሮ ነው ያገኙት። ጨምሮ! ምክንያቱ ደሞ ሰውነታችን ነው። ከታች ለስላሳ ነገር ሲሰማው እግሩን ያጠነክረዋል፣ ጉልበት ብዙ አይታጠፍም፣ መሬት ሲለሰልስ እግር ይደርቃል። ታዲያ ለምንድነው የኔ ባት ያረፈው? እኔ እንደሚመስለኝ ምት እና ድካም አንድ ነገር አይደሉም። ባት የሚደክመው ከምቱ ይልቅ በያንዳንዷ እርምጃ ሰውነትን ገፍቶ በማንሳት ነው፣ እና ከፎሙ የሚመለሰው ነገር እዛ ላይ ነው የሚያግዘው። ስለዚህ "ወፍራም ጫማ ጉዳት ይከላከላል" የሚለውን ወሬ አልገዛም፣ "ወፍራም ጫማ ለነገ ያሳርፋል" የሚለውን ግን ገዝቻለሁ።

እንከን የለውም ወይ፣ አለው። አንደኛ መዞሪያ ላይ። ሶሉ ከፍ ያለ ስለሆነ ኩርባ ላይ በፍጥነት ስትታጠፉ ቁርጭምጭሚት ወደ ውጪ ይሄዳል፣ ፎሙ በአንድ ጎን ተጨምቆ ይሰማችኋል። ትራክ ላይ እኔ አላደርገውም። ጠጠር መንገድ ላይማ ጭራሽ፣ ሶሉ መሀል ላይ ክፍት ቦታ ስላለው አንዲት ጠጠር ትገባና ቀጥ ብላ ትቀመጣለች፣ ቆማችሁ በጣት መንቀል ነው።

ስለ ከፍታ ካነሳን አይቀር፣ ዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ አስተዳዳሪ አካል ለጎዳና ውድድር የፈቀደው የሶል ውፍረት 40 ሚሊሜትር ነው። ልምምድ ላይ ግን ማንም አይለካችሁም፣ ስለዚህ አምራቾቹ የልምምድ ጫማ ላይ እንደፈለጉ ነው ሚሄዱት፣ ከ40 በላይ የሆኑ ብዙ አሉ። በፈረንጆቹ 2021 ኢትዮጵያዊው ሯጭ ደራራ ሁሪሳ ላይ የደረሰውን ታስታውሳላችሁ አይደል፣ ቪየና ማራቶንን በ2:09:22 አንደኛ ገብቶ ጫማው ሲለካ ሶሉ 5 ሴንቲ ሆነ፣ ተሰረዘ፣ ድሉ በ3 ሰከንድ ብልጫ ተከትሎት ለገባው ኬንያዊ ተሰጠ። ያ ሁሉ ልፋት በአንድ ሴንቲሜትር። እኛ ለራሳችን ለምንሮጠው ሰዎች ብዙም አያሰጋንም፣ ግን ደረጃ ለማግኘት የምትወዳደሩ ካላችሁ ጫማችሁን የተፈቀዱ ጫማዎች ዝርዝር ላይ እዩት፣ በልምምድ የለመዳችሁትን አድርጋችሁ እንዳትሄዱ።

ሁለተኛው እንከን፣ ይሄኛው የጫማው ነው የኛ ነው ሊባል ይችላል፣ ቀላል ሩጫን ያበላሻል። ፎሙ ይገፋችኋል፣ ዝግ ብላችሁ ለመሮጥ ወጥታችሁ ሰዓታችሁን ስታዩ ካሰባችሁት በላይ እየሄዳችሁ ነው፣ ትንፋሻችሁ ደሞ ገና ስላልተቆራረጠ ቀላል ይመስላችኋል። ቀላል ቀን ቀላል ካልሆነ ከባዱ ቀን ከባድ አይሆንም፣ ሁሉም መሀል ላይ ይቀራል። ስለዚህ የኔ ሕግ፣ ይሄ ጫማ የሚወጣው ለፈጠን ያለ ቀን ብቻ ነው፣ የቀረውን ቀን የድሮው ይሠራል። ማፈራረቁ በራሱ ጥሩ ነው፣ ሉክሰምበርግ ውስጥ 264 ሯጮችን ለ22 ሳምንት ተከታትለው ከአንድ በላይ ጫማ የሚያፈራርቁት በ39 ከመቶ ያነሰ የጉዳት ዕድል እንደነበራቸው ጽፈዋል። ጫማው ነው ወይስ የሚያፈራርቁ ሰዎች ከመጀመሪያውም ጠንቃቃ ስለሆኑ ነው ብላችሁ ልትከራከሩ ትችላላችሁ፣ ልክ ናችሁ፣ ግን እግር ሁሌ በአንድ ዓይነት መንገድ ባይጫን መልካም ነው የሚለው ለኔ ይገባኛል።

ክብደት ላይ ብዙ አልጨቃጨቅም። ድሮ የተለካው ነገር አንድ ጫማ ላይ 100 ግራም ሲጨመር ለመሮጥ የሚወጣው ጉልበት በ1 ከመቶ ግድም ይጨምራል ነው የሚለው። ስለዚህ በሁለት ጫማ መሀል 15 ግራም ልዩነት አይታችሁ እንቅልፍ አትጡ።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ጫማ ቁጥር ነው። ግማሽ ቁጥር ከፍ አርጉ። ፈጠን ስትሉ እግር ወደፊት ይንሸራተታል፣ ረጅም ሲሆን ደሞ ያብጣል፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚጠቁረው በዛ ነው። ከፍ ስታረጉ ተረከዝ ላይ ከላላባችሁ ላይኛዋን ትርፍ ቀዳዳ ተጠቀሙባት፣ ያቺን ማንም ክር የማያስገባባትን። ክሩን በዛው ጎን መልሳችሁ አስገቡት፣ ትንሽ ቀለበት ትሠራለች፣ ከዛ የግራውን ጫፍ በቀኙ ቀለበት የቀኙን በግራው አሳልፋችሁ ወደታች ሳቡና እሰሩ። ተረከዝ ቀጥ ይላል፣ ጣቶቻችሁ ግን ነፃ ናቸው። ወደላይ እንዳትስቡት፣ የእግራችሁን ጀርባ ያደነዝዘዋል።

የፎሙን ዕድሜ በሚቀጥለው አወራችኋለሁ፣ ሶሉ ጎን ላይ መስመር መስመር መሥራት ጀምሯል፣ እስካሁን ግን ሲረገጥ አልተለወጠም። በሉ ቻው።