እሳት ልጭር መጣሁ

እናቴን በስልክ «ድንኳን ተክዬ ነበር» ስላት «ማን ሞተ?» አለችኝ።

ሰላም ናችሁ ወዳጆቼ። ድምፄ ጎርነን ያለባችሁ ጉንፋን ይዞኝ አይደለም፤ ጭስ ነው። ሁለት ሌሊት ጫካ አድሬ ትናንት ነው የገባሁት። ፀጉሬን ሁለቴ ታጠብኩ፣ ሽታው አሁንም አለ። ለእናቴም እንዲሁ አስረዳኋት፣ አልገባትም። ድንኳን ለእሷ ወይ ሰርግ ነው ወይ ለቅሶ። «የቤት ኪራዩን አልከፈልሽም እንዴ?» ብላ ሦስቴ ጠየቀችኝ። ከዚያ ዝም አለች። ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ ስልኩን ዘግታ ለአክስቴ ልትደውል ነው።

እሺ፣ የት ነበርኩ? ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከአሌክሳንድሪያ ሁለት ሰዓት ያህል ነው። በ66 አውራ ጎዳና ወጥታችሁ በ81 ወደ ደቡብ፣ ኤዲንበርግ የምትባል ትንሽ ከተማ ላይ ትወርዳላችሁ። ከዚያ የማሳነተንን ተራራ በጠመዝማዛ መንገድ መውጣት ነው። ስልኬ እዚያ ላይ ነው ኔትወርክ ያጣው። ጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን ውስጥ ካምፕ ሩዝቬልት የሚባል ቦታ አለ። አሥር የድንኳን ቦታ ብቻ ነው ያለው። ሪዘርቬሽን የለም። ቀድሞ የመጣ ይይዛል፣ በቃ።

ሲሰሙት ቀላል ነው። በነሐሴ አንዴ ሞክሬ ነበር። ዓርብ ከሥራ ወጥቼ፣ ትራፊኩን ታግዬ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። አሥሩም ተይዟል። ቀስ ብዬ ዙሪያውን ነዳሁ። በየእሳቱ ዳር የተቀመጡት ሰዎች ቀና እያሉ ያዩኛል። ሳልጠራ ሰርግ የገባሁ ነው የመሰለኝ። አንድ ሽማግሌ መኪናዬን አስቁመው «ከኔ ጎን ይበቃሻል፣ እዚህ ትከዪ» አሉኝ። ደግ ሰው ይመስላሉ። ግን ጨለማ ነው፣ ብቻዬን ነኝ፣ ስልክ አይሠራም። አመስግኜ ያንን ሁሉ መንገድ ተመልሼ ነዳሁ። መንገድ ላይ ትንሽ አለቀስኩ መሰለኝ። ሴቶቹ ትረዱኛላችሁ፤ ደግነትን መቀበል የማይቻልበት ሰዓት አለ።

አሁን ግን ብልጥ ሆንኩ። የምሠራው የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው፣ የሌሊት ፈረቃ። መስቀል ካለፈ በኋላ ሐሙስና ዓርብ ዕረፍት ደረሰኝ። ሐሙስ ጠዋት ከሥራ ወጥቼ፣ ትንሽ ሸለብ አድርጌ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ደረስኩ። ሦስቱ ብቻ ተይዘዋል። 7 ቁጥርን ያዝኩ።

አከፋፈሉ ነው የገረመኝ። ተቀባይ የለም። መግቢያው ላይ የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ እዚያው ትናንሽ ፖስታዎች። ስም፣ የታርጋ ቁጥር፣ የቦታው ቁጥር፣ ስንት ሌሊት እንደምታድሩ ትጽፋላችሁ። እኔ ስሄድ ለአንድ ሌሊት 10 ዶላር ነበር፣ ለሁለቱ 20 ከተትኩ። መልስ የሚሰጥ ስለሌለ ዝርዝር ይዛችሁ ሂዱ፤ እስክሪብቶም አትርሱ። ቁራጩን ቀድዳችሁ ቦታችሁ ላይ ያለው ምሰሶ ላይ ትሰኩታላችሁ። ፖስታውን መሬት ላይ በተተከለ የብረት ቱቦ ውስጥ ትከታላችሁ። አለቀ። እኔ እኮ አንድ ክፍል አፓርታማ ለመከራየት የደሞዝ ወረቀቴንም፣ ክሬዲት ስኮሬንም ያስረከብኩ ሰው ነኝ። እዚህ አገር ከጓደኛ ጋር ቡና ለመጠጣት እንኳ ከሁለት ሳምንት በፊት ቴክስት ይደረጋል። ካምፑ ግን መምጣቴ ብቻ በቃው። ስሜን እንኳ ስጽፍ ስፔሊንጉን የጠየቀኝ የለም።

እንጨት ከቤት አልያዝኩም፣ እዚያው አካባቢ መንገድ ዳር ገዛሁ። ከሩቅ ማምጣት አይመከርም። ከእስያ የመጣ አንድ አረንጓዴ ጥንዚዛ አለ፣ 2002 ላይ ሚሺጋን ውስጥ ተገኘ፣ አሽ የሚሉትን ዛፍ በሚሊዮን የሚቆጠር ፈጅቷል። በማገዶ እንጨት ውስጥ ተደብቆ ነው ከግዛት ግዛት የሚጓዘው።

ድንኳኑን ተከልኩ። እንጨቱን ደረደርኩ። ጀበናውን አወጣሁ። ከዚያ ቦርሳዬን ገለበጥኩ። ክብሪት የለም። ላይተር የለም። ተጨማሪ ካልሲ አራት ጥንድ ይዣለሁ፣ ክብሪት የለም!

ልጅ ሆኜ ክረምት አያቴ ጋ ገጠር እሄድ ነበር። እሳት ከጠፋ ገል ይዤ ጎረቤት እላካለሁ። «እሳት ልጭር መጣሁ» ብሎ መግባት ነው። ፍም ይደረግልኛል፣ ሳይጠፋ በሩጫ መመለስ። ማንም እሳት አልሰጥም አይልም፤ ነገ የእሱም ይጠፋላ። እና እዚያ ቆሜ ይሄ በእንግሊዝኛ እንዴት ይባላል ብዬ አሰብኩ። አልመጣልኝም። ባዶ እጄን ወደ 4 ቁጥር ሄድኩ። ባልና ሚስት ናቸው፣ ጡረተኞች። ሴትዮዋ ሳቀችና ላይተር ሰጠችኝ። «ያዢው፣ ሌላ አለን።» ቀጥላ «ምግብሽን የት አስቀመጥሽ?» አለችኝ። ድንኳን ውስጥ፣ አልኳት። ፊቷ ተለወጠ። ጥቁር ድብ አለ ለካ። ምግብ፣ ሳሙና፣ የጥርስ ሳሙና ሳይቀር መኪና ውስጥ ተቆልፎ ነው የሚያድረው። ድርቆሼን ይዤ መኪናዬ ጋ እንዴት እንደሮጥኩ ብታዩ!

ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ድምፅ ማሰማት ክልክል ነው። ሰዉ ጸጥ አለ። ጫካው ግን አልሰማም። እኔ ሌሊቱን ሙሉ የአልጋ ደወል የምሰማ ሰው ነኝ፤ ጆሮዬ ሲተኛም አይተኛም። አንዴ መኪናዬ ጣሪያ ላይ ጓ! አለ። ድንጋይ የወረወረብኝ ሰው አለ ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ። ቆይቶ ጓ! ሦስተኛው ድንኳኔን መታ። የኦክ ዛፍ ፍሬ ነው። ሰሞኑ የሚረግፍበት ነው። ሲገባኝ ብቻዬን ሳቅሁ፣ ከዚያ በኋላ በሰባት ዓመት ውስጥ ተኝቼ የማላውቀውን እንቅልፍ ተኛሁ። ሦስት ሰዓት ረፋድ ላይ ነቃሁ። ሽንት ቤቱ ውሃ አለው፣ ያም ተመስገን ነው።

ጠዋት ስዘዋወር በሳሩ ውስጥ የድሮ ቤቶች መሠረት አየሁ። ሰሌዳው ላይ እንደሚለው፣ ሲቪሊያን ኮንሰርቬሽን ኮር የተባለው ፕሮግራም በመላው አሜሪካ የመጀመሪያውን ካምፕ የከፈተው እዚህ ነው፣ እንደ ፈረንጅ በኤፕሪል 1933። ጊዜው ያ ከባድ የሥራ አጥነት ዘመን ነው። ፕሬዝዳንት ሩዝቬልት ያላገቡ ወጣቶችን ሰብስበው ዛፍ አስተከሉ፣ መንገድ አስጠረጉ። ጥቁሮቹን በኋላ ለብቻ ካምፕ አድርገዋቸዋል፤ ይሄንንም ልናገር። ፕሮግራሙ 1942 ላይ ተዘጋ።

ቤት ገብቼ ስለ ልጆቹ ሳነብ አንድ ቁጥር ላይ ቆምኩ። ደሞዛቸው በወር 30 ዶላር ነበር። ከዚያ ላይ 25ቱ በግዴታ ወደ ቤተሰብ ይላካል። ለልጁ 5 ዶላር ይቀረዋል።

ወር በገባ ቁጥር ገንዘብ መላኪያው ፊት ተሰልፌ የማስበው ነገር ትዝ አለኝ። እኔን ማንም አላስገደደኝም። ግን ሳልልክ ቀርቼ አውቃለሁ? ያ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ድንኳኑ ውስጥ ተኝቶ 5 ዶላሩን ምን አደረጋት ይሆን? ትንባሆ? ሲኒማ? እናቱስ «ይሄው ነው?» ብላው ታውቅ ይሆን? ይሄን ለእናቴ አልነገርኳትም። ትቀየመኛለች።

ቅዳሜ ጠዋት ድንኳኔን ሳጣጥፍ አንዲት መኪና ቀስ እያለች መጣች፣ አለፈች፣ ዞራ ተመለሰች። ወጣት ሴት ናት፣ ብቻዋን። መስኮቱን ዝቅ አድርጋ አየችኝ እንጂ አልጠየቀችም። እኔ ግን ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ። ቁራጩን ከምሰሶው ነቀልኩና በእጄ ግቢ አልኳት። የተረፈኝን እንጨት እዚያው ተውኩላት። ላይተሩንም።