«አረንጓዴ እጥበት» ሳይሆን «አረንጓዴ ልስን»

ክቡራን የሥልጠናው አዘጋጆች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፤

በመዝጊያው ላይ እንድናገር ስትጋብዙኝ አመስግኜ እንደምወርድ ገምታችሁ ይሆናል። አመሰግናለሁ፤ ሆኖም አካባቢን እየጎዱ የአካባቢ ወዳጅ መስሎ ለመታየት የሚደረገው ማታለል ሦስት ቀን ሙሉ በየገለጻው «አረንጓዴ እጥበት» ሲባል ስሰማ ስለሰነበትሁ፣ ቅሬታዬን ውጬ ወደ ቤቴ መግባት አልሆነልኝም።

እንግሊዝኛው «ግሪንዋሺንግ» ነው፤ አሜሪካዊው የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋች ጄይ ዌስተርቬልድ እ.ኤ.አ. በ1986 በጻፈው መጣጥፍ ያወጣው ቃል ነው። መነሻው ግን የ1983ቱ ጉዞው ነው። ያኔ ተማሪ የነበረው ዌስተርቬልድ ወደ ሳሞአ ሲያቀና ፊጂ ላይ ያርፍና፣ ፎጣ ቸግሮት ወደ አንድ የባሕር ዳርቻ መዝናኛ ሾልኮ ይገባል። ለስርቆት ነው፤ ራሱም አልደበቀውም። እዚያም ባሕሩንና የኮራል ሪፉን ለመታደግ ሲባል እንግዶች ፎጣቸውን ደግመው እንዲጠቀሙ የሚማጸን ካርድ ያገኛል። ተማጻኙ መዝናኛ ግን በዚያው ሰሞን ተጨማሪ ጎጆዎች እየገነባ ይስፋፋ ነበር።

በታሪኩ ውስጥ ፎጣ ስላለ ይመስለኛል፣ ተርጓሚዎቻችን «ዋሽ»ን ከልብስ አጠባ ጋር ያገናኙት። ቃሉ ግን የተቀዳው ከ«ኋይትዋሽ» ነው፤ እርሱም ግድግዳ የሚቀባበት ኖራ፣ ሲቆይም ጥፋትን መሸፋፈን ማለት ሆኗል። እጥበት እድፍን ያስለቅቃል፤ ኖራ ግን እድፉን እንዳለ ትቶ ይጋርደዋል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 23 «በኖራ የተለሰኑ መቃብሮች» ሲባል ያልሰማ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ማን አለ?

ባለፈው ዓመት «አረንጓዴ ልስን» ብዬ የላክሁትን ጽሑፍ አንድ አርታኢ ሳያማክረኝ «አረንጓዴ እጥበት» አድርጎ አወጣው። በማግስቱ አንዲት አንባቢ ደውለው፣ በፍጹም ትሕትና፣ ሳሙናው የት እንደሚሸጥ ጠየቁኝ። እሳቸው ምን አጠፉ? አታላዩን «አጣቢ» ብለን የሾምነው እኛ ነን!

ቮልስዋገን «ንጹሕ ናፍጣ» እያለ የሸጣቸው መኪኖች እ.ኤ.አ. በ2015 ሲጋለጡ፣ ፍተሻ ላይ መሆናቸውን እየለየ ጭሱን ዝቅ የሚያደርግ ሶፍትዌር ተገኘባቸው፤ በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ያህል ነበሩ። መንገድ ላይ ሲወጡ የሚለቁት ናይትሮጂን ኦክሳይድ የተባለ በካይ ጋዝ አሜሪካ ከፈቀደችው መጠን እስከ 40 እጥፍ ይደርስ ነበር። እስቲ ንገሩኝ፤ ምኑ ታጠበ?

የሥልጠናው የቃላት መፍቻ ነገ ወደ ማተሚያ ቤት ስለሚሄድ፣ አዘጋጆቹ ዛሬ ማታውኑ ያንን አንድ ቃል እንዲያርሙልኝ እጠይቃለሁ።