በሰማይ ድንጋይ ውስጥ ያሉ ነጭ ነጥቦች

ክቡራትና ክቡራን፣

ዛሬ የምነግራችሁ የጣት ጥፍር ስለሚያህሉ፣ ብዙዎቹም ከዚያ ስለሚያንሱ ነጭ ነጥቦች ነው።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1969 ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ገደማ ሰሜን ሜክሲኮ ውስጥ ሰማዩ በእሳት ኳስ በራ። አዬንዴ በተባለች መንደር ዙሪያ የወረደው ድንጋይ ስብርባሪው ሲለቀም ከ2 ቶን በላይ ሆነ። ይህን ድንጋይ በመጋዝ ቆርጣችሁ ፊቱን ብታለሰልሱት፣ ጥቁር ግራጫ መደብ ላይ ቅርጽ የለሽ ነጫጭ ጠብታዎች ተበትነው ታያላችሁ። አንዳንዶቹ ጠርዛቸው እንደ ተቀደደ ጨርቅ ነው። እኔ ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቅ ድንጋይ አላውቅም።

ነጭነታቸው ከካልሲየምና ከአልሙኒየም የመጣ ነው። አዲሲቱን ፀሐይ የከበበው የጋለ ጋዝ መቀዝቀዝ ሲጀምር፣ ቀድመው የጠጠሩት ሙቀት የሚችሉት ማዕድናት ናቸው፤ ያውም ሙቀቱ ገና ከ1,000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሳለ። ብረት ከእነሱ በኋላ መጣ፤ በረዶማ ከብዙ ጊዜ በኋላ።

ዕድሜያቸው 4,567 ሚሊዮን ዓመት ነው። አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ብላችሁ ያዙት። የሚለካው በዩራኒየም ነው፦ ሁለቱ የዩራኒየም ዓይነቶች በተለያየ ፍጥነት ወደ ሁለት ዓይነት እርሳስ ስለሚለወጡ፣ አንዱ የሌላውን ስህተት ያጋልጣል። በምድር ላይ የተገኘው እጅግ አሮጌ ማዕድን፣ የምዕራብ አውስትራሊያው ዚርኮን፣ ወደ 4,400 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ስለዚህ የሥርዓተ ፀሐይን ዕድሜ ስንቆጥር ዜሮ የምንለው ነጮቹ ነጥቦች የተወለዱበትን ጊዜ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1976 ተመራማሪዎች በእነዚሁ ነጥቦች ውስጥ ማግኒዥየም 26 የተባለውን የማግኒዥየም ዓይነት ከሚጠበቀው በላይ አገኙ። ምንጩ አልሙኒየም 26 ነው፤ በራሱ ጊዜ ወደ ማግኒዥየም 26 የሚለወጥ፣ በየ700,000 ዓመቱ ገደማ በግማሽ የሚቀንስ፣ ዛሬ ከድንጋዩ ውስጥ ጨርሶ የጠፋ። ነጥቡ ሲጠጥር ግን ገና ነበረ። ሲለወጥ የሰጠው ሙቀትም በኋላ የመጀመሪያዎቹን ትናንሽ ዓለማት ከውስጣቸው አቀለጠ።

እኔን እስካሁን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነው። ስታርደስት የተባለችው መንኮራኩር ከቪልት 2 ጅራታም ኮከብ የሰበሰበችውን አቧራ እ.ኤ.አ. በ2006 ወደ ምድር አደረሰች። ጅራታም ኮከብ የበረዶና የቅዝቃዜ ልጅ ነው። አቧራው ሲመረመር ግን የእነዚያ ነጭ ነጥቦች ዘመድ የሆነች ቅንጣት ተገኘችበት። በፀሐይ ደጃፍ ግለት የተሠራች ቅንጣት እስከ በረዶው ዳርቻ ተጉዛለች ማለት ነው። የጋዙ ነውጥ ገፋት? ወይስ ከፀሐይ አጠገብ የሚነፍስ ነፋስ ወረወራት? ሁለቱም ሐሳብ ዛሬም ተከራካሪ አለው።

አመሰግናለሁ።