ርቀቱን እኛ አልመረጥነውም

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የተከበራችሁ እንግዶቻችን፣ እንኳን በደህና መጣችሁ።

ብዙዎቻችሁ ዛሬ ገና ሳይነጋ ነው የተነሳችሁት። በር ላይ ቆሜ ስቀበላችሁ አንዱ ሁለት ሰዓት ሙሉ ነዳሁ ይለኛል፣ ሌላው ሦስት ሰዓት ተኩል። ለስብሰባ እንኳን ይህን ያህል የሚነዳ ሰው ነው እዚህ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠው። የዛሬው ዋና አጀንዳችንም ይኸው ርቀት ነው።

ባለፈው ዓመት ስንለያይ ለሥራ አስፈጻሚው አንድ አደራ ሰጥታችሁን ነበር። በተነዳው ኪሎሜትር ልክ የመንገድ ክፍያ ይምጣ የሚለው ሐሳብ እየጠነከረ ነው፣ ሄዳችሁ የገጠሩን አሽከርካሪ ድምፅ አሰሙ አላችሁን። ጉዳዩን ወደያዙት ሰዎች ሄድን። በጥሞና አዳመጡን። ከዚያ አንዷ ባለሙያ ጠየቀችን። «አባሎቻችሁ በዓመት ስንት ኪሎሜትር ይነዳሉ? ከዚያ ውስጥ ስንቱ ለሥራ ነው? ስንቱ ለሕክምና? ስንቱስ በራሳችሁ ማሳ ውስጥ ነው?» መልስ አልነበረኝም። አብረውኝ የሄዱትም አልነበራቸውም። «ብዙ ነው» አልን። እሷም «ብዙ ነው» ብላ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ መንገዱ ያለቀው ይህንኑ ሳብሰለስል ነው።

ስለዚህ ዓመቱን ሳነብና ሳሰላ ከረምኩ። ሌላው ዓለም ምን እንዳደረገ ተመለከትኩ። ያገኘሁትን ዛሬ አካፍላችኋለሁ። አንዳንዱ ላይጥማችሁ ይችላል፤ ግን ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔ ብትሰሙት ይሻላል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ ከየት መጣ? በብዙ አገር የመንገድ ገንዘብ የሚሰበሰበው ከነዳጅ ላይ ነው። ማደያ ገብተን ስንቀዳ ቀረጡም አብሮ ይከፈላል። ግን መኪኖች ነዳጅ ቆጣቢ እየሆኑ መጡ። የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ማደያ ደጃፍ አይደርስም። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራሉ መንግሥት የቤንዚን ቀረጥ ከ1993 ጀምሮ በጋሎን 18.4 ሳንቲም ላይ እንደቆመ ነው። የአስፋልት ዋጋ ግን ቆሞ አልጠበቀውም። መንገዱ ያው መንገድ ነው፣ መኪናው ያው በላዩ ይሄዳል፣ ከፋዩ ግን እያነሰ ነው።

ኒውዚላንድ ይህን መንገድ የጀመረችው ቀድማ ነው፤ ከ1978 ጀምሮ የናፍጣ መኪና ያለው ሰው በኪሎሜትር ይከፍላል። ፈቃዱን በ1,000 ኪሎሜትር እየቆጠረ አስቀድሞ ይገዛል፣ ቆጣሪው እዚያ ሲደርስ ሌላ ይገዛል። ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ የኤሌክትሪክ መኪኖችም ገብተውበታል፤ ለቀላል መኪና በ1,000 ኪሎሜትር 76 የኒውዚላንድ ዶላር ነው። አይስላንድ በዚያው ዓመት በጃንዋሪ ወር ለኤሌክትሪክ መኪና በኪሎሜትር 6 ክሮና ማስከፈል ጀመረች። በአሜሪካ የኦሪገን ግዛት ከ2015 ጀምሮ በፈቃደኞች እየሞከረው ነው።

አሁን ወደማይጥመው ነገር ልግባ። ብዙዎቻችን፣ እኔም ጭምር፣ «በኪሎሜትር ከተከፈለ ገጠሩ ይጎዳል» ስንል ኖረናል። አንድ ነገር ግን ረስተናል። የነዳጅ ቀረጥም እኮ በርቀት ነው የሚከፈለው። ብዙ የነዳ ብዙ ይቀዳል፣ ብዙ የቀዳ ብዙ ይከፍላል። እንዲያውም እኛን የሚጎዳን በሁለት በኩል ነው። የእኛ መኪና አብዛኛውን ጊዜ አሮጌ ነው፣ ከባድ ነው፣ ጭነት የሚችል ፒካፕ ነው። በ100 ኪሎሜትር 12 ሊትር የሚጠጣ ፒካፕና 5 ሊትር የሚበቃው ትንሽ መኪና እኩል ርቀት ቢሄዱ፣ የፒካፑ ባለቤት በነዳጅ ቀረጥ የሚከፍለው የሌላውን ሁለት እጥፍ ከግማሽ ሊሞላ ምንም አይቀረውም። በኪሎሜትር ቢሆን ግን ሁለቱም እኩል ነው የሚከፍሉት። በምዕራብ አሜሪካ ግዛቶች የተሠራ ጥናትም ይህንኑ ነው ያሳየው። የነዳጅ ቀረጡ ተነስቶ በምትኩ የኪሎሜትር ክፍያ ቢገባ የገጠር ቤተሰብ በአማካይ የሚከፍለው በትንሹ ይቀንሳል።

አሁን አዳራሹ ዝም ማለቱን አይቻለሁ። እኔም ወረቀቱ ላይ ሳነበው ዝም ነበር ያልኩት።

ነገር ግን በዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንድ ቃል አለች። «በምትኩ» የምትለዋ። የነዳጁ ቀረጥ ሳይነካ የኪሎሜትሩ ከላይ ከተጨመረ ስሌቱ ሁሉ ይገለበጣል። ለአንድ መንገድ ሁለቴ እንከፍላለን። ስለዚህ የእኛ ክርክር ከኪሎሜትሩ ጋር ሳይሆን ከዚህች ቃል ጋር መሆን አለበት። ሕጉ ላይ ተጽፋ እናያታለን ወይስ አናያትም? ተመኑ ከመነገሩ በፊት መጠየቅ ያለበት ይህ ነው።

ደግሞም አማካይ ማለት ሁሉም ማለት አይደለም። ስለ እናቴ ልንገራችሁ።

እናቴ በመጨረሻዎቹ ዓመታት የኩላሊት እጥበት ታደርግ ነበር፣ በሳምንት ሦስት ቀን። ማሽኑ ያለበት ሆስፒታል ከቤታችን 70 ኪሎሜትር ይርቃል። ደርሶ መልስ 140፣ በሳምንት 420። ሰሞኑን ቁጭ ብዬ ዓመቱን ሳሰላው 21,840 ኪሎሜትር ሆነ። ያ ሁሉ ለእጥበት ብቻ ነው። ሥራው፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ሌላው ሌላው አልገባበትም። በኒውዚላንዱ ተመን ብናሰላው ወደ 1,660 ዶላር ይመጣል። ከተማ ውስጥ ሆና 5 ኪሎሜትር ርቀት ላይ ለዚያው ሕክምና የምትሄድ ሌላ እናት 119 ዶላር ገደማ ነው የምትከፍለው። ሕመሙ አንድ ነው፣ ማሽኑ አንድ ነው። የተለያየው ማሽኑ የተተከለበት ቦታ ነው፣ ያንን ደግሞ እናቴ አልመረጠችውም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የጉዳዩ እምብርት ይህ ነው። ለመንገድ ዋጋ ይውጣለት የሚሉ የምጣኔ ሀብት ሰዎች ከጥንትም ያነሱት ስለ ርቀት አልነበረም። በ1996 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ዊሊያም ቪክሪ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የተከራከሩት ስለ መጨናነቅ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። በተጨናነቀ ሰዓት አንድ መኪና ሲጨመር ከኋላው ያሉትን ሁሉ ያዘገያል፤ ያንን ጊዜ ማንም አያስከፍለውም። ዋጋ ቢኖረው ግን የሚችለው ሰው ሰዓት ይቀይራል፣ ወይ በባቡር ይሄዳል፣ ወይ ጉዞውን ይተወዋል። ለንደን በ2003 መኻል ከተማዋ ለመግባት ክፍያ ስታስቀምጥ፣ ስቶክሆልምም በ2007 በቋሚነት ስትጀምር ያሰቡት ይህንን ነው።

እንግዲህ ዋጋው ሰው ጉዞውን እንዲቀይር ነው የወጣው። መቀየር የሚችል ሰው ይቀይር፣ ጥሩ ነው። እናቴ ምን ትቀይር? አውቶቡስ አልነበረም። ባቡር አልነበረም። ሰዓቱን የሚወስነው ሆስፒታሉ ነው። መንገዱም ባዶ ነበር፤ አንዳንድ ጠዋት 70ውን ኪሎሜትር ጨርሰን ያገኘነው መኪና በእጅ ጣት የሚቆጠር ነው። ማንንም አላዘገየንም። አማራጭ በሌለበት ቦታ ይህ ዋጋ ባሕርይ አይለውጥም፣ ኪስ ብቻ ነው የሚያራግፍ። ስለዚህ የመጨናነቅ ዋጋ መጨናነቅ ባለበት ይጠየቅ። ባዶ መንገድ ላይ የሚነዳ ሰው የተጨናነቀውን ከተማ ሒሳብ አይክፈል። ተመኑ ሰዓትንና ቦታን የሚያይ ከሆነ ለገጠሩ ይቀላል፤ አንድ ወጥ ከሆነ ግን ብዙ ኪሎሜትር ያለው ሰው የሌላውን ጭምር ይሸከማል።

«ብዙ ስለምትነዱ መንገዱን ግን ታበላሹታላችሁ» የሚል ሰው ይኖራል። ለዚህ ጥሩ መልስ አለ። ከ1958 እስከ 1960 አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ አንድ ትልቅ ሙከራ ተደርጎ ነበር። ለዚሁ ተብሎ በተሠራ መንገድ ላይ ልዩ ልዩ ክብደት ያላቸውን መኪኖች ቀን ከሌት አመላልሰው ጉዳቱን ለኩ። ከዚያ የወጣው ግምት እስከ ዛሬ መሐንዲሶች ይጠቀሙበታል። በአንድ አክስል፣ ማለትም ግራና ቀኝ ጎማዎችን በሚያያይዘው ዘንግ፣ ላይ ያረፈው ክብደት እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ወደ 16 እጥፍ ይሆናል። አስፋልት የሚሰነጥቀው የከባድ መኪና አክስል ነው። የአንድ ቤተሰብ መኪና የሚያደርሰው ጉዳት ከዚያ ጋር ሲተያይ ከቁጥር አይገባም። ስለዚህ ኪሎሜትር ከተቆጠረ ክብደትም ይቆጠር። ይህን ስል ከመካከላችን የጭነት መኪና ያላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ለእናንተ ከባድ ነው። ግን እውነቱን ለሌላው ስናገር ለራሳችን ልደብቀው አልችልም።

ከማሳችሁ ውስጥ የምትነዱትስ? ቆጣሪ አስፋልትና ማሳ አይለይም። ከብት ፍለጋ፣ አጥር ስታጥሩ፣ ምርት ስታመላልሱ በራሳችሁ መሬት ላይ የሄዳችሁት ሁሉ ይደመራል። ኒውዚላንድ ከሕዝብ መንገድ ውጪ ለተነዳ ኪሎሜትር ገንዘቡን ማስመለስ ይቻላል፤ ግን መዝግቦ ለያዘ ሰው ነው። ኦሪገን ላይ ቦታ የሚለይ መሣሪያ የመረጠ ሰው በግል መሬት ላይ የነዳው አይቆጠርበትም። እንደዚያ ያለ መሣሪያ የማይፈልግም፣ የት ዋለ የት አደረ እንዳይባል፣ ያለ ቦታ መለያ የሚቆጥረውን መያዝ ይችላል። ምርጫው የባለመኪናው ይሁን፤ እዚህ ላይ ብዙ የምንከራከር አይመስለኝም።

የአከፋፈሉም ነገር አለ። ነዳጅ ስንቀዳ ቀረጡ በጥቂት በጥቂቱ ይወጣል፣ አይታወቀንም። በኪሎሜትር ሲሆን ግን ሒሳቡ ተጠራቅሞ በአንዴ ይመጣል። ከእጅ ወደ አፍ ለሚኖር ቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በየወሩ ተከፋፍሎ የሚከፈልበት መንገድ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይኑር።

ገንዘቡ የት ይሄዳል? በዚህ የስዊዘርላንድን አሠራር ወድጄዋለሁ። ከ2001 ጀምሮ ከ3.5 ቶን በላይ የሆኑ የጭነት መኪኖች በርቀት፣ በክብደትና በጭስ መጠን ይከፍላሉ። ከተሰበሰበው ሲሦው ለካንቶኖች፣ ማለትም ለአገሪቱ ክልሎች፣ ነው የሚሄደው። ያ ሲሦ ሲከፋፈል ደግሞ ክፍያው በተራራማና ራቅ ባሉ አካባቢዎች ላይ የሚያመጣው ጫና ከግምት እንዲገባ ሕጉ ራሱ ያዝዛል። ርቆ የሚኖር ሰው ይጎዳል ብለው ሕግ ሲጽፉ አሰቡት፣ ጻፉት። ከተጻፈ ይጠየቃል። እኛም የምንፈልገው ይህንን ነው፤ ከገጠር መንገድ የተሰበሰበው ወደ ገጠር መንገድ፣ ወደ ድልድዩ፣ ወደ ጠጠር መንገዱ ይመለስ።

ከእናንተ መካከል ጨርሶ እምቢ እንበል የምትሉ አላችሁ። ስሜቱ ይገባኛል። ግን ብሪታንያን ተመልከቱ። በ2007 ይህን ሐሳብ በመቃወም 1.8 ሚሊዮን ያህል ሰው ፈረመ፣ ሐሳቡም ቀረ። በ2025 መጨረሻ ላይ መንግሥት ከኤፕሪል 2028 ጀምሮ የኤሌክትሪክ መኪኖች በማይል 3 ፔንስ እንዲከፍሉ አስታወቀ። እምቢታ ያዘገያል እንጂ አያስቀርም። እኛ ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና የምንገዛው ከሁሉም በኋላ ነው፤ ኃይል መሙያው ገና ወደ እኛ አልደረሰም። ነገሩ በዘገየ ቁጥር የሁሉንም መንገድ በናፍጣችን ስንጠግን የምንኖረው እኛው ነን። ስለዚህ ሥራ አስፈጻሚው ዛሬ የሚያቀርብላችሁ ረቂቅ እምቢ አይልም። «በምትኩ ከሆነ፣ ክብደትና መጨናነቅ ከታየ፣ የማሳው ኪሎሜትር ከተቀነሰ፣ ገንዘቡ ከተመለሰ» ይላል። ተከራከሩበት፣ አሻሽሉት፣ ካልተስማማችሁም ጣሉት።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ወንበራችሁ ላይ አንድ ወረቀት አለ። በእረፍት ሰዓት መኪናችሁ ጋ ሂዱና ቆጣሪውን አንብቡ፣ ቁጥሩን ከላይ ጻፉት። ከታች ለሥራ፣ ለሕክምና፣ ለትምህርት ቤት፣ ለማሳ የሚሉ መስመሮች አሉ። ያለፈውን ወር አስታውሳችሁ በግምት ሙሉት። ስም አያስፈልግም። በሩ አጠገብ ያለው ሳጥን ውስጥ ክተቱት። በሚቀጥለው ወር እዚያች ባለሙያ ፊት ስቀመጥ ይዤው የምሄደው እሱን ነው።

ስብሰባው ተከፍቷል። ረቂቁን እንዲያነቡልን ዋና ጸሐፊያችንን ወደ መድረኩ እጋብዛለሁ።