በርበሬ፣ መብራት እና ዳታቤዝ

(ምስል፦ ቡሬ፣ የበርበሬ ጆንያ ሚዛን ላይ)

ቡሬ ላይ በርበሬ የሚረከብ ማኅበር አለ እንበል። ገበሬው ያስመዝናል፣ ጸሐፊው ይመዘግባል፣ ገንዘብ ያዡ ይከፍላል። አሁን መዝገቡ ዌብሳይት ይሁን ተባለ። ዳታው የት ይቀመጥ?

ፕሮግራመሩ ትናንት ዩቲዩብ ላይ ያየውን አዲስ ዳታቤዝ (ዳታ ማስቀመጫ ፕሮግራም) መሞከር ያምረዋል። አይፈረድበትም፤ እኔንም ያምረኛል። ግን ከቆዩት ዳታቤዞች ፖስትግሬስ ወይም ማይኤስኪውኤል ይሁን እላለሁ።

(ምስል፦ ሁለት ሰንጠረዦች፣ በገበሬው ቁጥር የተያያዙ)

ሁለቱም ሪሌሽናል ናቸው፤ ዳታውን እርስ በርስ በተያያዙ ሰንጠረዦች ያስቀምጣሉ። ሐሳቡን የአይቢኤም ባልደረባ የነበረው ኤድጋር ኮድ በ1970 እ.ኤ.አ. አሳተመው። ገበሬው አንድ ሰንጠረዥ ላይ አንዴ ይመዘገባል። ርክክቡ ሌላ ሰንጠረዥ ላይ ይገባል። ስልኩን ቢቀይር አንድ ቦታ ማስተካከል ይበቃል።

(ምስል፦ ስክሪኑ ድርግም ይላል)

መብራት ጠፋ። እኛ አገር ይህን ለማሰብ ብዙ ምናብ አይጠይቅም። ክፍያው ከማኅበሩ ሂሳብ ተቀንሷል፣ ለገበሬው ግን ገና አልገባም። ሁለቱ በአንድ ትራንዛክሽን ከታሰሩ ወይ ሁለቱም ይጸናሉ፣ ወይ ሁለቱም እንዳልነበሩ ይሆናሉ። (ማይኤስኪውኤል ላይ ኢኖዲቢ የሚባለውን የዳታ ማስቀመጫ ሞተር ተጠቀሙ፤ የድሮው ማይአይሳም ይህን አያውቅም።)

«ይህንንማ አዲሱም ይችላል» ትሉኝ ይሆናል። ይችል ይሆናል። ልዩነቱ የሚታየው ነገር ሲበላሽ ነው። ማይኤስኪውኤል ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ያወጣውን ኤረር ጎግል ላይ ስትፈልጉ፣ ከእናንተ በፊት የተቸገረ ሰው መፍትሔውን ጽፎት ታገኛላችሁ። ፕሮግራመሩ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ አባይን ቢሻገርስ? ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ኤስኪውኤል (ሁለቱም የሚታዘዙበትን ቋንቋ) የተማረ ተመራቂ አይጠፋም። ለአዲሱ ግን ማንን ትጠራላችሁ?

ታዋቂነት ሲባል ግን የደረጃ ሰንጠረዥ አያታልላችሁ። ዳታቤዞችን በደረጃ የሚያስቀምጠው ዲቢ-ኢንጂንስ የተባለ ድረ ገጽ ላይ ኦራክል የተባለው ዳታቤዝ ለዓመታት ከላይ ነው። የሚለካው ግን ስለ ዳታቤዙ ምን ያህል እንደሚወራና የሥራ ማስታወቂያ ላይ ምን ያህል እንደሚጠራ እንጂ ስንት ቦታ እንደተጫነ አይደለም። አንደኛ ነው ብሎ ለበርበሬ መዝገብ የኦራክል ላይሰንስ የሚገዛ ማኅበር፣ በሬውን ሸጦ ጅራፍ የገዛ ገበሬ ይመስላል። ፖስትግሬስ በነጻ ይወርዳል።

ቅጹ በየዓመቱ ቢቀያየርስ? ፖስትግሬስ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጄሰንቢ የሚባል፣ ቋሚ ዓምድ የሌለውን መረጃ የሚይዝ የዳታ ዓይነት አለው። የሚቀያየረውን እዚያ አስገቡ፤ ኪሎውንና ብሩን ግን በየራሳቸው ዓምድ አስቀምጡ።

መጋዘኑ ውስጥ በየሰከንዱ እርጥበት የሚለካ ሴንሰር የገባ ቀን ስለ ሌላ ዳታቤዝ እናወራለን። እስከዚያው ባክአፑን (የመጠባበቂያ ቅጂውን) እዚያው ኮምፒውተር ላይ አታስቀምጡ።