ካምፐሩ መሪ ሲላላበት፦ ታይሮድ አፈታተሽና አቀያየር

[ምስል፦ ወረታ አካባቢ ቀጥ ያለ አስፋልት፣ ከሹፌሩ ትከሻ ላይ የተቀረጸ]

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትወጡ፣ ወረታ አካባቢ ፎገራ ሜዳ ላይ መንገዱ ቀጥ ይላል። የመሪ ጤና የሚታወቀው እዚህ ነው። ጠመዝማዛ ላይ እጃችሁ ሥራ ስለማይፈታ የላላ መሪ ይደበቃል። ሜዳው ላይ ግን ትንሽ ወደ ግራ ብትሉት መኪናው ዝም፣ ትንሽ ስትጨምሩ ዘሎ ይሄዳል። ስትመልሱት ደግሞ በሌላው በኩል ያልፋል። እንዲህ እየተቀጡ ጎንደር መድረስ ይቻላል፤ ዓባይ በረሃን፣ ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል፣ መውረድ ግን ሌላ ነገር ነው።

ዛሬ የምንሠራበት መኪና ሃርድቶፕ የምንለው ላንድክሩዘር 78 ነው። ከኋላ አልጋ፣ ምድጃና የውኃ ታንክ ገብቶለት ካምፐር ሆኗል። ሰው የሚያድርበት መኪና ከሌላው የሚለየው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ጭነቱ አይራገፍም፤ አልጋው፣ ካቢኔው፣ ባትሪው ቀን ከሌት ተጭኖ ነው የሚኖረው። ሁለተኛ፣ ለወራት ይቆምና በአንድ ጊዜ ረጅም መንገድ ይወጣል። የቆመ መኪና የመገጣጠሚያዎቹ መሸፈኛ ላስቲክ ፀሐይ ላይ ይሰነጠቃል። ኪሎ ሜትሩን አይታችሁ «ብዙ አልሄደም» ብላችሁ አትዘናጉ።

[ምስል፦ ከመኪናው ሥር፣ በባትሪ መብራት]

ከሥር እንግባ። ይቺ የመሪ ሳጥን ናት። ከእሷ የሚወርደው ክንድ ፒትማን አርም ነው። ከክንዱ ተነስቶ ወደ ጎማው የሚሄደው ዘንግ ድራግ ሊንክ፣ ሁለቱን የፊት ጎማዎች እርስ በርስ የሚያያይዘው ረጅሙ ዘንግ ደግሞ ታይሮድ ይባላል። በእያንዳንዱ ዘንግ ሁለት ጫፍ ላይ አንድ አንድ ቦል ጆይንት፣ ማለትም በኳስ የሚዞር መገጣጠሚያ፣ አለ፤ በጠቅላላው አራት። የሚበሉት እነዚህ አራቱ ናቸው።

አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። የሸፈነው ላስቲክ እዚህ ጋ ተሰንጥቋል፤ በጣቴ ስከፍተው ግሪሱ ጠቁሮ እንደ ጭቃ ሆኗል። ጭቃም ገብቶበታል፤ መረሬ አፈር ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ላስቲኩን ይዞ ይላቀቃል። ክረምት ላይ ውኃ፣ በጋ ላይ አቧራ በስንጥቁ ይገባና ኳሷ በአሸዋ ወረቀት እንደተፈተገች ትሆናለች። ከዚያ በኋላ ግሪስ መሙላት ድምፁን ያጠፋው ይሆናል እንጂ የተበላውን አይመልስም።

አሁን ዋናው ነገር። መሪ ላላ ሲባል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚነካው የመሪ ሳጥኑ ላይ ያለችውን ማስተካከያ ቡሎን ነው፤ ለመድረስ ስለምትቀል መሰለኝ። አትንኳት። ክፍተቱ ቦል ጆይንቱ ላይ ከሆነ ሳጥኑን ማጥበቅ ሌላ ሁለተኛ ችግር መጨመር ነው፦ መሪው ይከብዳል፣ ከኩርባ በኋላ በራሱ አይመለስም፣ የሳጥኑ ጥርስም ያልቃል። የሳጥኑ ማስተካከያ የሚነካው ሌላው ሁሉ ታይቶ ካለቀ በኋላ ነው።

[ምስል፦ ባለቤቱ መሪው ላይ፣ መካኒኩ ከሥር]

ፍተሻው ሁለት ሰው ይፈልጋል። ጎማዎቹ መሬት ላይ እንዳሉ፣ ክሪክ ሳይነሳ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞና ታኮ ተደርጎ። ከሥር ያለው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ሞተሩን ያስነሱና መሪውን ትንሽ ትንሽ ግራ ቀኝ ያድርጉልኝ። ጎማው እስኪዞር አይደለም፣ ሊዞር ሲል ይመልሱት።» ከዚያ እጁን ጆይንቱ ላይ ያሳርፋል፤ ግማሹ መዳፍ ዘንጉ ላይ፣ ግማሹ ጎማው ላይ ባለው ክንድ ላይ። ጤነኛ ከሆነ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። ከላላ ዘንጉ ይቀድማል፣ ክንዱ ይከተላል፤ ያቺን መዘግየት ዓይን ባያያት መዳፍ ያገኛታል። ከመሪ ሳጥኑ ጀምራችሁ ወደ ጎማው አንድ በአንድ ሂዱ። ሳጥኑ ራሱ ከሻንሲው ጋር የታሰረባቸውን ቡሎኖችም እዩ፤ ሳጥኑ ከነሥሩ ከተነቃነቀ ጆይንት ብትቀይሩም ችግሩ ተመልሶ ይመጣል።

ቀጥሎ የፊቱን በክሪክ አንሱ፤ ስታንድ ሳይገባ ማንም ከሥር አይግባ። ጎማውን ግራና ቀኙን ይዛችሁ አወዛውዙ፤ ከዚያ ላይና ታቹን። ግራ ቀኝ ብቻ ከተነቃነቀ ወደ ጆይንቶቹ ተመለሱ። ላይና ታችም ከተነቃነቀ አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥ። ሲረገጥ ከጠፋ የሞዞው (ጎማው የሚታሰርበት) ኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ ጎማው የሚታጠፍበት የላይና የታቹ ኩሽኔታ ነው። ይህ ሁለተኛው ላንድክሩዘር ላይ ጉድጓድ ሲመታ ፊቱ እንዲንቀጠቀጥ ያደርጋል። ብዙዎች ለዚህ መንቀጥቀጥ የመሪውን ዳምፐር (የመሪ ንቅናቄ ማርገቢያውን) ይቀይራሉ። ለሁለት ወር ይረጋል፤ በሽታው ግን እዚያው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፤ አውሮፓ ውስጥ ብዙ ካምፐር የሚሠራበት ፊያት ዱካቶ ይህን ሁሉ ዘንግ የለውም። የእሱ መሪ ሬክ ነው፣ ማለትም ጥርስ ያለውን አንድ ዘንግ በቀጥታ ግራና ቀኝ ይገፋል፤ የውስጡ ጆይንት በአኮርዲዮኑ ላስቲክ ሥር ተደብቋል፣ የሚፈተሸውም ላስቲኩን ጨበጥ አድርጎ ነው።

[ምስል፦ የተፈታ አሮጌ ታይሮድ ኢንድ (የታይሮዱ ጫፍ ከነቦል ጆይንቱ) ከአዲሱ ጎን]

ዕቃውን በተመለከተ፦ የሃርድቶፕ ታይሮድ ኢንድ ባሕር ዳር ካልተገኘ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይታዘዝና በአውቶቡስ ይመጣል። ከኬንያ ወይም ከደቡብ አፍሪካ የገባ መኪና ግን መሪው በቀኝ ነው፤ የእኛ አገር ዘንግ ላይገጥመው ይችላል። ስለዚህ አሮጌውን ፎቶ አንስታችሁ፣ ክንዱ ውስጥ የሚገባው የቦሉ ሾጣጣ እግር ወደየት እንደሚጠብ፣ ክሩ የግራ ይሁን የቀኝ ለይታችሁ እዘዙ።

«ለምን በብየዳ አናስጠግነውም?» የሚል አይጠፋም። ቶርኖ ቤቶቻችን ብዙ ተአምር ይሠራሉ፤ እኔም ብዙ ዕቃ እወስድላቸዋለሁ። የመሪ ቦል ግን አይበየድም፣ በጋዝ እሳትም አይሞቅም። ብረቱ ጥንካሬውን ያገኘው በሙቀት ነው፤ ዳግም ሲሞቅ ወይ ይለሰልሳል ወይ ይሰባበራል። ሲበጠስ ደግሞ ምልክት አይሰጥም።

አፈታቱ እንዲህ ነው። ማታውኑ ክሮቹን ናፍጣ አጠጧቸው። ዳዶው እንዳይፈታ የሚይዘውን ሽቦ መሰል ፒን፣ ኮተር ፒኑን፣ አውጡ፣ ዳዶውን አላሉት፣ ግን ሙሉ በሙሉ አታውጡት፤ ዘንጉ ፊታችሁ ላይ እንዳይወድቅ ሁለት ሦስት ክር ይቅር። ፑለር (ጆይንት ማላቀቂያ) ካላችሁ በፑለር። ከሌላችሁ በሁለት መዶሻ፦ አንዱን የክንዱ ዓይን አንድ ጎን ላይ ደግፉ፣ በሌላው ተቃራኒውን ጎን ምቱ። ዓይኑ ለቅጽበት ቅርጹን ሲለቅ ሾጣጣው «ጧ» ብሎ ይላቀቃል። የቦሉን ጫፍ ከታች ወደ ላይ መቀጥቀጥ ክሩን ማበላሸት ብቻ ነው።

ከመፍታታችሁ በፊት ከአንዱ ጫፍ መሐል እስከ ሌላው ጫፍ መሐል ለኩና ጻፉ። አሮጌውን ስታወጡም ዙሩን ቁጠሩ፤ አዲሱ በዚያው ዙር ይገባል። አንደኛው ጫፍ የግራ ክር መሆኑን አትርሱ፤ ጉልበት የበዛው ሰው እዚህ ጋ ነው የሚያጠብቀውን የሚፈታ የሚመስለው። የክሩን ቦታ በብሩሽ አጽዱ፣ ሾጣጣው ግን ግሪስ አይቀባ፤ ደርቆ ነው የሚያዘው። ዳዶውን በመኪናው መመሪያ ልክ አጥብቁ። የኮተር ፒኑ ቀዳዳ ካልገጠመ ወደፊት ጨምሩ እንጂ ወደኋላ አታላሉ። ኮተር ፒኑ አዲስ ይሁን። ኒፕል (የግሪስ መስጫ) ካለው ላስቲኩ ትንሽ እስኪነፋ ግሪስ ስጡት፤ እስኪፈነዳ አይደለም።

[ምስል፦ ጎማ ላይ የኖራ ምልክት፣ ሜትር]

ለክታችሁም ቢሆን ልክ አይመጣምና ቶ ኢኑ፣ ማለትም የፊት ጎማዎቹ ፊታቸው ወደ ውስጥ የሚያዘነብልበት ልክ፣ ይስተካከል። ሁለቱ የፊት ጎማዎች ፊት ለፊት ላይ በኖራ ምልክት አድርጉና መሐላቸውን ለኩ። መኪናውን ግማሽ ዙር ወደፊት ግፉት፤ ምልክቶቹ ከኋላ ሲመጡ በዚያው ከፍታ እንደገና ለኩ። ልዩነቱን ከመመሪያው ጋር አስተያዩ፤ ካልሆነ የታይሮዱን ጫፎች ጨብጠው የያዙትን ክላምፖች አላልታችሁ ታይሮዱን አዙሩት፤ የግራና የቀኝ ክር ስላለው ሳይፈታ ይረዝማል፣ ያጥራል። ይህ አላይመንት ቤት እስክትደርሱ ነው።

አላይመንት ቤት ስትሄዱ ታንኩን ሞልታችሁ ሂዱ። 100 ሊትር ውኃ 100 ኪሎ ነው፤ አልጋው፣ ዕቃው፣ ሁሉም እንደሚጓዘው ይሁን። «ዕቃውን አውርዱ» ቢሏችሁ እምቢ በሉ፤ መኪናው ባዶውን የትም አይሄድም። ቀጥ ስትሉ መሪው ከተጣመመ ደግሞ ነቅለው እንዳያዞሩላችሁ። ድራግ ሊንኩ ነው የሚስተካከለው፤ የመሪ ሳጥኑ በጣም የሚገጥመው መሐሉ ላይ ስለሆነ ቀጥታ መንገድ ላይ መሐሉ ላይ መዋል አለበት።

ከዚያ የ100 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ሂዱና ተመልሳችሁ ከሥር ግቡ። የክላምፑን ቡሎኖች በቁልፍ ሞክሩ፣ ኮተር ፒኖቹን በጣታችሁ ዳስሱ፣ የፊት ጎማውን ጥርስ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ በመዳፍ ጥረጉት። በአንዱ አቅጣጫ ለስልሶ በሌላው እንደ መጋዝ ከያዛችሁ አላይመንቱ ይደገማል።